ባዶውን ሳጥን በዜሮ ከመሙላታችሁ በፊት

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በዳታቤዝ ሥራ ጸጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። ስሕተት ሲገጥመው በቀይ ጽሑፍ የሚጮኽ ፕሮግራም አያስፈራኝም፤ የጮኸ ይታረማል። የምፈራው ኮሽታ ሳያሰማ የተሳሳተ ቁጥር የሚያወጣውን መጠይቅ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የምንጽፍለትን ጥያቄ ነው። ከጀርባው ብዙ ጊዜ የማገኘው ደግሞ ምንም ያልተጻፈበትን ባዶ ሳጥን፣ በሙያችን አጠራር ነልን ነው።

በጀማሪነቴ የሠራተኞችን የሥራ ሰዓት የሚደምር ሪፖርት ሠርቼ ነበር። ጥፋቴን በትንሹ ላሳያችሁ። ሦስት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 40 መደበኛ ሰዓት ሠርተዋል። በትርፍ ሰዓት ዓምድ ላይ ለመጀመሪያው 5፣ ለሦስተኛው 10 ተጽፏል፤ የሁለተኛው ባዶ ነው። እኔ ሁለቱን ዓምዶች በየረድፉ ደምሬ ውጤቱን «ሰም» (SUM) ለተባለው የድምር ትእዛዝ ሰጠሁት። መልሱ 95 ሆነ። ዓምዶቹን ለየብቻ ብትደምሩ ግን 120 እና 15፣ በድምሩ 135 ነው። አርባው ሰዓት የት ገባ? 40 ሲደመር ባዶ ውጤቱ ባዶ ነው፤ «ሰም» ደግሞ ባዶ ሲያይ ዘልሎት ያልፋል። ትርፍ ሰዓት ስላልተጻፈለት የሰውየው መደበኛ ሥራ አብሮ ተሰረዘ። ጉዱን ያገኘው እኔ አልነበርኩም፤ በካልኩሌተር የደመረ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነው።

መድኃኒቱን ታውቁታላችሁ። «ኮአሌስ» የሚባለው ትእዛዝ ትርፍ ሰዓቱ ባዶ ከሆነ እንደ 0 ይቆጥርላችኋል፤ 135ም ይመጣል። ከዳታቤዝ ፕሮግራሞች ኦራክል «ኤንቪኤል»፣ ማይኤስኪውኤል «ኢፍነል» የሚሏቸው የየራሳቸው አቻዎች አሏቸው፤ እኔ ግን የመጠይቅ መጻፊያ ቋንቋ በሆነው በኤስኪውኤል መስፈርት ውስጥ ያለውን «ኮአሌስ» እመርጣለሁ። የሚደመር ረድፍ ጨርሶ ከሌለ «ሰም» ራሱ ባዶ ስለሚመልስ፣ ከውጭም አንድ «ኮአሌስ» ብትደርቡ አይከፋም።

እዚህ ላይ ግን እጃችሁን ያዝ አድርጉ። የትርፍ ሰዓቱን አማካይ ስትጠይቁ፣ ባዶውን እንዳለ ከተዋችሁት 15 ለ2 ተካፍሎ 7.5 ይሆናል። በዜሮ ከሞላችሁት 15 ለ3 ተካፍሎ 5 ይሆናል። የትኛው ነው ልክ? ሁለተኛው ሰው ትርፍ ሰዓት ካልሠራ 5 ልክ ነው። ሠርቶ ቅጹ ገና ካልደረሰ ግን ያ ዜሮ እናንተ የፈጠራችሁት ወሬ ነው። ይህን ማሽኑ ሊነግራችሁ አይችልም። ከወንበራችሁ ተነሡና መረጃውን የሚያስገባውን ሰው ጠይቁት።

መረጃን በሰንጠረዥ የማደራጀት ሐሳብ የሆነውን የሪሌሽናል ሞዴልን በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ኤድጋር ኮድም ይህ ጉዳይ አሳስቦት ነበር። ኋላ ላይ «ያለ ነገር ግን ያልታወቀ» እና «ጭራሽ የማይመለከተው» ብሎ ባዶነትን በሁለት ከፍሎ ነበር። ኤስኪውኤል ግን ለሁለቱም አንድ ነል ብቻ ይዞ ቀረ። በእኔ ግምት የግማሹ መከራችን ምንጭ ይህ ነው።

ሌሎቹን ወጥመዶች በአጭሩ ልለፍ። ባዶን በእኩል ምልክት አትፈልጉት፤ ባዶ ከባዶ ጋር እንኳ ሲነጻጸር መልሱ «አይታወቅም» ነውና «ኢዝ ነል» (ባዶ ነው) በሉ። «ኖት ኢን» (በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ) ብላችሁ በሰጣችሁት ዝርዝር ውስጥ አንድ ባዶ ከገባ መጠይቁ አንድም ረድፍ አይመልስም፤ እኔ በዚህ ምክንያት ግማሽ ቀን ባክኖብኛል። አካፋዩ ዜሮ ሊሆን የሚችል ከሆነ ደግሞ «ነሊፍ» የተባለው ትእዛዝ ዜሮውን ወደ ባዶ ይለውጥላችኋል፤ ውጤቱም ስሕተት መሆኑ ቀርቶ ባዶ ይሆናል።

ያ ሪፖርት ሲጣራ፣ ከባዶዎቹ አንዳንዶቹ ትርፍ ሰዓት ያልሠሩ፣ ሌሎቹ ቅጻቸው መንገድ ላይ ያለ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ላልሠራ ሰው 0 ራሱ እንዲጻፍ፣ ባዶው ገና ለሚጠበቀው ብቻ እንዲቀር አደረግን። ከሪፖርቱ ግርጌም አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ሁሉንም ረድፍ ከሚቆጥረው «ካውንት ኮከብ» ላይ፣ የተሞላውን ብቻ የሚቆጥረው የዓምዱ «ካውንት» ተቀንሶ የሚቀረው፣ ገና ያልደረሱት ቅጾች ብዛት ነው።