«ሲካፈል በ» ወይስ «ሲካፈል ለ»?

ጥያቄ፦ ልጄ በፊዚክስ የቤት ሥራው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «በአምፖሉ ውስጥ 12 ቮልትና 2 አምፔር ያልፋል። ቮልቴጁ በጅረቱ ሲካፈል መቋቋሙ 6 ኦም፣ ሲባዛ ደግሞ ኃይሉ 24 ዋት ይሆናል።» ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ አማርኛው ግን ጎረበጠኝ። «በጅረቱ» ነው የሚባለው ወይስ «ለጅረቱ»? ሌላስ የሚታረም ነገር አለው?

መልስ፦ ጆሮዎ አላታለለዎትም። በሒሳብ አማርኛ «በ» የማባዛት፣ «ለ» የማካፈል ናት፤ ሦስት ሲባዛ በአራት፣ አሥራ ሁለት ሲካፈል ለአራት እንላለን። «ለ» ወደ ማካፈል የመጣችው ከዕለት ንግግር ነው፤ ሰው ያለውን ለሦስት ልጆች ያካፍላል እንጂ «በሦስት ልጆች» አያካፍልም። ተቀባዩን የምታመለክተው ፊደል አካፋዩን ቁጥርም አመለከተች።

በሌላ ስሌት ቢሆን ስሕተቱን እንደ ትንሽ ነገር ባለፍኩት ነበር፤ «ሲካፈል» የሚለው ግስ ራሱ ትርጉሙን ያድነዋልና። ችግሩ ሰው ሲቸኩል ግሱን መጣሉ ነው። «12 ለ2» ካለ 6 ኦም ያገኛል፤ «12 በ2» ካለ 24 ዋት። ሁለቱ ቁጥሮች አልተለወጡም፣ የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት፤ የተገኘው ግን በአንደኛው የሽቦው ጠባይ፣ በሁለተኛው በየሰከንዱ የሚወጣው የኢነርጂ መጠን ነው። ልጅዎ ገና ከአሁኑ ሁለቱን ፊደሎች ቢለይ ይጠቅመዋል።

ቅደም ተከተሉም ቢሆን ዋስትና ያስፈልገዋል። «ቮልቴጁን ለጅረቱ ብናካፍል» ቢል «ን» ተካፋዩን፣ «ለ» አካፋዩን ስለሚያስሩት፣ ቃላቱን ገልብጦ «ለጅረቱ ቮልቴጁን ብናካፍል» ቢልም ትርጉሙ አይናጋም። «ቮልቴጅና ጅረት ሲካፈሉ» ካለ ግን የትኛው ለየትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ 2 ለ12 ቢካፈል የሚገኘው የ6 ኦም ተገላቢጦሽ፣ ማለትም ሽቦው ጅረቱን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያሳልፍ የሚናገር ቁጥር ነው።

«በ» ሌላም ወጥመድ አላት። በሒሳብ ታባዛለች፤ «በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር» ስንል ግን የምታመለክተው ማካፈልን ነው። ብዙ ሰው «ኪሎዋት በሰዓት» እያለ ሲጽፍ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው፤ አንባቢ እንደ ፍጥነት ይረዳዋል። 24 ዋት የሚወስድ አምፖል 10 ሰዓት ቢበራ የሚፈጀው 240 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 0.24 ኪሎዋት ሰዓት ነው። መስተዋድድ የለም፤ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ስሌቱም ማባዛት ነው።

አሁን ወደ ግሱ እንመለስ። «12 ቮልት ያልፋል» አይባልም። ጅረት ያልፋል፣ ይፈስሳል፤ ስሙም ከውሃ የተወሰደ ነውና ግሱ ይስማማዋል። ቮልቴጅ ግን በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ በኮረብታው አናትና በግርጌው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እንደማያልፍ ሁሉ ቮልቴጅም አያልፍም። በአምፖሉ ሁለት ጫፎች መካከል «አለ» እንላለን። «ከረንት ያዘው» የሚለውን የተለመደ አነጋገር ግን አልነካውም፤ በሰውየው ሰውነት ያለፈው በእርግጥም ጅረት ነው።

«መቋቋም» የሚለውን ቃል እኔ አልመርጠውም። «ተቋቋመ» እና «ተቃወመ» የአንድ ሥር፣ የ«ቆመ» ልጆች ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን ይለያያል። ሙቀትን የሚቋቋም ሽቦ ሙቀቱ ያልጎዳው ነው፤ ጅረትን የሚቃወም ሽቦ ደግሞ ጅረቱን የሚያስቸግረው ነው። እዚህ የምንፈልገው ሁለተኛውን ስለሆነ «ተቃውሞ» ይሻላል። የአደባባይ ሰልፍ ትዝ ይለኛል የሚል ካለ «ሬዚስታንስ» ቢል አልጣላውም፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን ሁለቱን አያቀያይር።

«ኃይል» ይሁን። በዕለት ንግግር የፀሐይ ኃይል፣ የሠራዊት ኃይል እያልን ብዙ ነገር እናሸክመዋለን፤ «ዋት» ከጎኑ ሲቆም ግን በሰከንድ የሚለካው መሆኑ ግልጽ ነው። በሃሌታው ሀ ሳይሆን በብዙኃኑ ኀ ራብዕ፣ «ኃይል» ብሎ መጻፉንም ወድጄለታለሁ።

እንግዲህ ልጅዎ እንዲህ ቢጽፍ ይበቃዋል፦ «በአምፖሉ ጫፎች መካከል 12 ቮልት አለ፤ በውስጡም 2 አምፔር ያልፋል። ቮልቴጁ ለጅረቱ ሲካፈል አምፖሉ በርቶ ሳለ ያለው ተቃውሞ 6 ኦም ይሆናል፤ ቮልቴጁ በጅረቱ ሲባዛ ደግሞ ኃይሉ 24 ዋት ይሆናል።» «በርቶ ሳለ» የምትለዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሽቦው ግሎ የሚያበራ አምፖል ከሆነ፣ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው ከ6 ኦም እጅግ ያነሰ ነው።