ዴርማቶማዮሳይቲስና ሽፍታው፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁም። ፋርማሲስት ነኝ፤ ዴርማቶማዮሳይቲስ ደግሞ የራሴም በሽታ ነው። ሰውነትን ሊጠብቅ የተሰጠው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ ቆዳንና ጡንቻን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ስለ ጡንቻው ድካም ብዙ ይወራል። ሽፍታው ግን እንደ ትንሽ ነገር ይታለፋል፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ጠይቁኝ ባልኳችሁ መሠረት የላካችሁትን ልመልስ።

«የዓይኔ ቆብ አብጦ ጠቁሯል። የአለርጂ መድኃኒት ወስጄ ምንም ለውጥ የለም። በምን ልለየው?»

እህቴ፣ ዓይንሽን ብቻ አትዪ። እጅሽንም ዘርግተሽ እዪ። በዚህ በሽታ በጣት አንጓዎች ላይ ከፍ ከፍ ያሉ፣ አንዳንዴም የሚቀረፉ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ክርንና ጉልበት ላይም ይኖራሉ። የጥፍርሽ ሥር ቀልቶ ወይም ሻክሮ ሲነካ ያምማል? ደረትሽ ከአንገት በታች፣ ትከሻሽና የላይኛው ጀርባሽስ? ከወንበር ስትነሺ፣ ደረጃ ስትወጪ ወይም ፀጉርሽን ስታበጥሪ ጉልበት ካጠረሽ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ የሕክምና መጻሕፍት ላይ ያለው ሥዕል የነጭ ሰው ቆዳ ነው፤ ሽፍታው ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ ይታያል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ወይን ጠጅ፣ ጥቁር ቡናማ ወይም አመድማ ይመስላል። ብዙዎቻችን «አለርጂ ነው» ወይም «ማድያት ነው» እየተባልን ጊዜ የምናጠፋው በዚህ ነው። የቆዳ ሐኪም ከቆዳው ትንሽ ናሙና ወስዶ ሊያስመረምር ይችላል። ናሙናው ግን ሉፐስንም (የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ ሰውነትን የሚያጠቃበት ሌላ ሕመም) ሊመስል ስለሚችል ከደም ምርመራውና ከምልክቶቹ ጋር አብሮ ነው የሚነበበው።

«ከሉፐስ በምን ይለያል?»

እጅ ላይ ጥሩ ፍንጭ አለ። የዴርማቶማዮሳይቲስ ሽፍታ አንጓዎቹ ላይ ይቀመጣል። የሉፐስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንጓዎቹን ትቶ በመካከላቸው ባለው ቆዳ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ፀሐይ አይወዱም።

«የጡንቻ ምርመራዬ ሁሉ ደህና ነው ተባልኩ። ታዲያ ሽፍታው ከየት መጣ?»

በሽታው ቆዳ ላይ ብቻ የሚታይባቸው ሰዎች አሉ። ጡንቻቸው ለዓመታት ወይም እስከመጨረሻው ላይነካ ይችላል። ይህ ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። በተለይ ኤምዲኤ5 የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው የተገኘባቸው ሰዎች ጡንቻቸው ደህና ሆኖ ሳንባቸው በፍጥነት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ጡንቻዎ ደህና ቢሆንም የሳንባ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ።

«እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ስታክ ታድራለች። ቅማል መስሎን ነበር። ምን ላድርግላት?»

ማሳከኩ ከዚህ በሽታ ከባድ ነገሮች አንዱ ነው። የራስ ቆዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ይቀረፋል፣ ፀጉርም ያሳሳል። «ታገሺው» መባል የለባትም። እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ በሽታው ገና ንቁ ለመሆኑ ምልክት ነውና ለሐኪሟ ይነገር።

እስከዚያው በለብታ ውኃ ትታጠብ፤ ሙቅ ውኃ ያባብሳል። ሽታ የሌለው ሳሙና ትጠቀም። ከታጠበች በኋላ ቆዳዋ እርጥብ እንዳለ ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት ትቀባ። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ለጊዜው ያስታግሳል። ጥፍሯን አሳጥሩላት። ለራስ ቆዳ በፈሳሽ መልክ የሚመጣ የስቴሮይድ መድኃኒት ሐኪም ሊያዝላት ይችላል። የተለመደው የአለርጂ ክኒን ግን ለዚህ ማሳከክ ብዙም አይረዳም። እንቅልፍ ያመጣ ይሆናል እንጂ ሥሩን አይነካውም።

«ጥቁር ነኝ፤ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለምኔ?»

ወንድሜ፣ ያስፈልግሃል። የቆዳ ጥቁረት ከፀሐይ ቃጠሎ በመጠኑ ይከላከላል፤ ይህን በሽታ ከመቀስቀስ ግን አያድንም። የመከላከል መጠኑ (SPF) 50 የሆነ ክሬም ለፊትና ለአንገት የሁለት ጣት ርዝመት ያህል ቀባ። ውጭ ከዋልክ በየ2 ሰዓቱ ድገም። ቀለም ያለው ዓይነት ነጭ ሆኖ አይታይም፤ ጠባሳው እንዳይጠቁርም ይረዳል። ከክሬሙ በላይ የምተማመነው ግን ልብስን ነው። ሰፊ ባርኔጣና ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልበስ። የመኪና የጎን መስኮትም አያስመካህ፤ አንዱ የጨረር ዓይነት በመስታወት ያልፋል።

«ስቴሮይድ ቅባት ፊቴን አሳምሮልኛል። ልቀጥልበት?»

አይሆንም። ጠንካራ ስቴሮይድ ፊት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል። ለፊት ለስለስ ያለው ዓይነት ለአጭር ጊዜ ነው የሚሰጠው። ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ያልሆነው ታክሮሊመስ የሚባል ቅባት ይሻላል። መጀመሪያ ቀናት ላይ ያቃጥላል፤ ብዙውን ጊዜ እየለመደ ይሄዳል። ምን እንዳለበት የማይታወቅ የማቅያ ክሬም ግን በፍጹም። ብዙዎቹ ውስጣቸው የተደበቀ ስቴሮይድ አላቸው።

«ሜቶትሬክሴት ታዘዘልኝ። ፈራሁት።»

የተሳሳተውን የመከላከያ ኃይል የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ የሚፈራው አወሳሰዱን መሳሳት ነው። ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ወስደው ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ቀኑን ይምረጡ፤ ለምሳሌ ሰኞ ካሉ ሁልጊዜ ሰኞ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ ይጻፉት። የመድኃኒቱን ጉዳት የሚቀንስ ቫይታሚን የሆነውን ፎሊክ አሲድም ሐኪሙ በነገረዎት ቀን ይውሰዱ። የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ አይዝለሉ፤ ከአልኮል ይራቁ። ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስል ከመጣ ቀጣዩን ከመውሰድዎ በፊት ይደውሉ።

ለሽፍታው የሚታዘዘውን ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የሚባል ክኒን ለሚወስዱም አንድ ቃል፦ ይህ በሽታ ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ላይ መድኃኒቱ ራሱ አዲስ ሽፍታ ያወጣል። መድኃኒቱን ከጀመራችሁ በኋላ ከባሰ ሐኪም ሳይሰማ አይቅር። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ክኒን ደግሞ ማንም በድንገት አያቁም።

«ጡንቻዬ ድኗል፤ ሐኪሜ መድኃኒቱን ሊቀንስ ነው። ሽፍታው ግን አለቀቀኝም።»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ቆዳና ጡንቻ አብረው አይድኑም። ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ምርመራ ተስተካክሎ ቆዳው እየነደደ ሊቀጥል ይችላል፤ በብዙዎቻችን ላይ የሚሆነውም ይሄው ነው። መጀመሪያ ግን የቀረው ሽፍታ ነው ወይስ ጥላው ብቻ? በጠቆረ ቆዳ ላይ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጥቁረቱ ለወራት ይቆያል። የሚያሳክክ፣ ከፍ ያለ፣ የሚቀረፍ ወይም አዲስ ቦታ የሚወጣ ከሆነ ንቁ ነው። ዝም ያለ፣ ለስላሳና ጠፍጣፋ ጥቁረት ከሆነ ተጨማሪ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ጊዜና ከፀሐይ መጠበቅ ይበቃዋል። በየወሩ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ፎቶ ያንሱ። ቀጠሮ ላይ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ ልብስዎን ገልጠው ያሳዩት። ንቁ ከሆነ የመከላከያ ኃይልን የሚያበርደው ማይኮፌኖሌት፣ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ወይም ሌላ አማራጭ አለ።

«ካንሰር አለብህ ማለት ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

አይደለም። አብዛኞቹ ታማሚዎች ካንሰር አይገኝባቸውም። ነገር ግን በአዋቂዎች ላይ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ በተለይ በሽታው በታወቀበት ሰሞንና በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት። ስለዚህ ምርመራው ይደረግ፤ ሴቶች ማህፀንና እንቁላል ማምረቻም ይታይላቸው። በልጆች ላይ ይህ ስጋት እንዲህ አይነሳም። ልጆችን የሚያስቸግራቸው ከቆዳ ሥር የሚጠጥር የካልሲየም ክምችት ነው። ክርንና ጉልበት ላይ ጠጠር የሚመስል ነገር ከዳሰሳችሁ ቶሎ አሳዩ፤ በመርፌ አትንኩት።

«ይተላለፋል?»

በፍጹም። እቀፏቸው።

«መቼ ነው ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሮጥ ያለብኝ?»

ምግብ ወይም ውኃ ሲያንቅዎ፣ ትንፋሽ ሲያጥርዎ ወይም ደረቅ ሳል ሲጀምር፣ ጣት ወይም መዳፍ ላይ የሚያም ቁስል ሲከፈት፣ መድኃኒት እየወሰዱ ትኩሳት ሲይዝዎ። በዚያው ቀን ይሂዱ።

«ልጅ መውለድ እንፈልጋለን።»

ይቻላል፤ ግን ከማርገዝ በፊት ይታቀድ። ሜቶትሬክሴትና ማይኮፌኖሌት ፅንስ ይጎዳሉ፤ አስቀድመው በሐኪም መሪነት ይለወጣሉ። በእርግዝና ጊዜ ሊወሰዱ የሚችሉ አሉ፤ ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን አንዱ ነው። እስኪለወጡ ድረስ አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ ተጠቀሙ። በሽታው ለወራት ተረጋግቶ ሲቆይ ደግሞ ለእናትም ለልጅም ይሻላል።