ለአፍተግር ቫይረስ የጂኖም ጥናት ገንዘብ ስለማግኘት፦ ከአዳማ ለተነሳው ጥያቄ

ሰላም ዶክተር። ጥያቄዎ ሦስት ነገሮችን የያዘ ነው፦ በአዳማ ዙሪያ ባሉ የከብት ማድለቢያዎች የሚነሳውን የአፍተግር (የከብትን አፍና ሰኮና የሚያቆስል በሽታ) ቫይረስ በጂኖም (በሙሉ ዘረመሉ) ደረጃ ለማጥናት ገንዘብ ከየት ይገኛል፣ የዘረመል ማንበቢያ መሣሪያ መግዛት ያስፈልጋል ወይ፣ ፕሮፖዛሉስ ከምን ይጀምራል? እዚሁ አዳማ ማድለቢያዎችን በማከም፣ ከተመራማሪዎች ጋር ናሙና በመሰብሰብና የባልደረቦቼን ፕሮፖዛል በማንበብ ዓመታት ስላሳለፍኩ የማውቀውን ላካፍልዎ። መልሴ ይረዝማል፤ ጉዳዩ የሚያንገበግበኝ ስለሆነ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ። ጂኖም አነባለሁ በማለት ብቻ ገንዘብ አይገኝም። ገንዘብ ሰጪው ማወቅ የሚፈልገው ከንባቡ በኋላ ማን የትኛውን ውሳኔ እንደሚለውጥ ነው። ያነበብኳቸው ብዙ ፕሮፖዛሎች «በአካባቢው የሚዘዋወሩትን የቫይረስ ዝርያዎች መለየት» ብለው ዓላማቸውን እዚያው ላይ ይዘጋሉ። ከተለዩ በኋላስ? ክትባት የሚያመርተው፣ ኮርማ የሚገዛው፣ ወረዳ ላይ ያለው ሐኪም ምን ያድርግ? ይህ ካልተመለሰ የተቀረው ገጽ ቢያምርም ዋጋ የለውም።

የጉርብርብ በሽታን (የከብት ቆዳ ላይ እብጠት የሚያወጣውን) ክትባት ያስታውሱ። በሀገራችን ለብዙ ዓመታት ከብት ስንከትብበት የኖርነው ክትባት ኬንያ ውስጥ ከተገኘ የበግና የፍየል ፈንጣጣ ቫይረስ የተሠራ ነው ይባል ነበር። የተከተበ ከብት ሲታመም በመስክ ላይ ያለን ሁላችን እናያለን። ባለቤቱ ላሟን እያሻሸ «ዶክተር፣ ተከትባ አልነበረም እንዴ?» ሲል የምንሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ክትባቱ በመንገድ ሞቆ ይሆናል፣ ወይም ላሟ ከመከተቧ በፊት በሽታው ይዟት ይሆናል። የቫይረሱ ዘረመል ሲነበብ ግን በ2014 እና በ2015 የታተሙ ጥናቶች ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ። በበግና በፍየል ስም የሚታወቁት የኬንያ የክትባት ዝርያዎች የጉርብርብ ቫይረስ ራሱ ሆነው ተገኙ። ከሁለቱ አንዱ ጥናት የኢትዮጵያን የመስክ ናሙናዎች ከክትባቱ ጎን አስቀምጦ ያነጻጸረ ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ስለ በረዶ ሣጥንና ስለ ከታቢው ጥንቃቄ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ስለ ክትባቱ ማንነት ሆነ። ለዘርፉ ገንዘብ ይገባል ብዬ የምከራከረው እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ይዤ ነው።

አሁን ወደ አፍተግር እንምጣ። ቫይረሱ በዓለም ላይ ሰባት ዓይነት ነው፤ በኛ ሀገር በቅርብ ዓመታት የታወቁት ኦ፣ ኤ፣ ሳት 1 እና ሳት 2 ናቸው። ለአንዱ የተሰጠ ክትባት ሌላውን አይከላከልም፤ በአንድ ዓይነት ውስጥም ቢሆን ክትባቱ ከሚዘዋወረው ቫይረስ ጋር ካልተጣጣመ መከላከሉ ይላላል። አዳማ ደግሞ ከቦረናና ከሌሎች አካባቢዎች የተገዙ ኮርማዎች በጭነት መኪና ገብተው የሚደልቡበትና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚላኩበት መንገድ ነው። በ2006 ግብፅ ውስጥ የተነሳው ዓይነት ኤ ወረርሽኝ ሲመረመር ቫይረሱ ከምሥራቅ አፍሪካዎቹ ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ታይቷል። የገዢ ሀገሮች ሥጋት ከየት እንደሚመጣ ከዚህ ይረዱታል።

ስለዚህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ማድለቢያ ውስጥ የሚፈነዳው በሽታ ከኮርማዎቹ ጋር ከመነሻቸው የመጣ ነው ወይስ እዚሁ ከበረት ወደ በረት የሚተላለፍ? ከመነሻው ከሆነ ገንዘቡ ከመጫናቸው በፊት ወደሚሰጥ ክትባት መሄድ አለበት። እዚሁ ከሆነ ሥራው አዲስ ገቢዎችን ለይቶ ማቆየት፣ በሁለት ዙር መካከል በረት ማጽዳት፣ መኪናና ሠራተኛ መቆጣጠር ነው። ሁለቱ በወጪም በኃላፊነትም የተለያዩ ናቸው። ይህን ለመለየት አንድ የዘረመል ቁራጭ ብቻ ማንበብ እንደማይበቃም በግልጽ ይጻፉ። ብዙውን ጊዜ የሚነበበው ቁራጭ 640 ገደማ ፊደላት ያሉት ሲሆን የቫይረሱን ዓይነትና የዘር ሐረግ ይነግራል፤ ከየትኛው በረት ወደ የትኛው እንደሄደ ለማወቅ ግን 8,400 ገደማ ፊደላት ያሉት ሙሉ ጂኖም ያስፈልጋል። በ2007 እንግሊዝ ውስጥ በሽታው በነሐሴ ታይቶ ጠፋ ሲባል በመስከረም እንደገና ብቅ ባለ ጊዜ ሁለቱ አንድ ሰንሰለት መሆናቸው የታወቀው ሙሉ ጂኖሙ ተነብቦ ነው። ገምጋሚው «ለምን ሙሉ ጂኖም?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ይህ ነው።

በጀትዎን ሲሠሩ ትልቁን ድርሻ ለናሙና ይስጡ። ይህን አጥብቄ የምለው ላቦራቶሪ ደርሶ ምንም ያልወጣለት ናሙና ስንቱን ሥራ እንዳበላሸ ስላየሁ ነው። ጥሩ ናሙና የሚገኘው ገና ካልፈነዳ ወይም በዕለቱ ከፈነዳ የምላስ ወይም የድድ ውኃ የቋጠረ እብጠት ላይ ሽፋኑ ሲነሳ ነው፤ ቢያንስ 1 ግራም። ቀናት ካለፉት ቁስሉ መጥገግ ይጀምራል፣ ቫይረሱም ይመነምናል። ቫይረሱ አሲድ አይችልም፤ ስለዚህ ሽፋኑ የሚቀመጠው ግሊሰሮል በተቀላቀለበትና አሲድነቱ በተመጣጠነ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ማድለቢያ ስንደርስ ግን ብዙ ጊዜ ጠባቂዎቹ የኮርማውን አፍ በሎሚና በጨው አሽተውት እናገኛለን። ለእንስሳው አዝነው ነው የሚያደርጉት፤ ለእኛ ግን ያ አፍ ናሙና አይሆንም። መፍትሔው በሽታውን ባየ በሰዓታት ውስጥ የሚደውል ሰው በየማድለቢያው መኖሩ ነው። ያ ማለት የስልክ ካርድ፣ የሞተር ሳይክል ነዳጅ፣ ለጠባቂው የሚከፈል አበልና ሁልጊዜ የተዘጋጀ የበረዶ ሣጥን ማለት ነው። እነዚህ መስመሮች በጀት ላይ ትንሽ ይመስላሉ፤ ገምጋሚ ሲቀንሳቸው ዝም እንዳይሉ።

ከናሙናው ጋር የሚጻፈው መረጃም እንደዚያው ነው። ኮርማው ከየት ገበያ ተገዛ፣ መቼ ተጫነ፣ ከማን ጋር ተጫነ፣ ተከትቦ ከሆነ መቼና በየትኛው የምርት ቁጥር? ያለነዚህ የተነበበ ጂኖም አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ነው።

መሣሪያ አይግዙ። በእጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጠውና ከኮምፒውተር ጋር የምትያያዘው ትንሿ ማንበቢያ ዋጋዋ ከትልልቆቹ ጋር ሲነጻጸር የሚያጓጓ ነው፤ ነገር ግን አላቂ ዕቃዎቿ በቅዝቃዜ የሚቀመጡና ቶሎ ጊዜያቸው የሚያልፍ ናቸው። የውጭ ምንዛሪ ጥበቃውንና የጉምሩክ ቀኑን ሲደምሩበት ምን እንደሚቀርዎት ይገምቱ። ሰበታ ካለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ወይም ቢሾፍቱ ካለው የክትባት ማምረቻ ጋር በውል መሥራት ይሻላል። ቢሾፍቱ ከአዳማ ቅርብ ናት፤ ናሙና ጠዋት ተነስቶ ከምሳ በፊት ይደርሳል።

ገንዘቡ ከየት ለሚለው ዘመኑ ተለውጧል። ቀደም ሲል እንግሊዞች ከእንስሳት ወደ ሰው በሚተላለፉ በሽታዎች ላይ ሰፊ የምርምር ገንዘብ ነበራቸው፤ በሀገራችን የከብት ቲቢን በወተት ላሞች ላይ ያጠናው ትልቅ ሥራ በዚያ የተደገፈ ነው። በ2021 የእርዳታ በጀታቸውን ሲቀንሱ፣ በ2025 ደግሞ የአሜሪካው የልማት ድርጅት ሲዘጋ፣ ብዙ በር ተዘግቷል። ዛሬ መጀመሪያ የማንኳኳው ብዙ ሰው የማያስበውን ነው፦ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር በመሆን የአፍሪካን የእንስሳት ላቦራቶሪዎች በሥልጠናና ዘረመል በማስነበብ ይረዳል። ገንዘብ በእጅዎ አይሰጥም፤ ግን ከፍተኛውን ወጪ ያነሳልዎታል። ከዚያ የዩኒቨርሲቲ የምርምር በጀት ለመስኩ ሊበቃ ይችላል። በዚያ የመጀመሪያ ውጤት ሲያገኙ ደግሞ አዲስ አበባ ካለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ሆነው ወደ ትልልቆቹ ለጋሾች ይሂዱ። ያለ መነሻ ውጤት በቀጥታ ወደ ትልቁ የሚሄድ ፕሮፖዛል ሲሳካለት እምብዛም አላየሁም።

አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ፦ የመረጃ ትንተናው እዚህ ይሠራ። ናሙናችን ወጥቶ የሌላ ሰው ስም ያለበት ጽሑፍ ሆኖ ሲመለስ ማየት ሰልችቶኛል። በጀቱ ውስጥ ቢያንስ የአንድ ተማሪ ደመወዝ፣ ጠንካራ ኮምፒውተርና የትንተና ሥልጠና ይግባ። ናሙና የግድ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ይጠይቁ፤ ከግብርና ሚኒስቴር የሚፈለገውንም እንዲሁ። ፈቃዱ ጊዜ ይወስዳል፣ በአየር ማጓጓዙም ልዩ እሽግ ስለሚጠይቅ ውድ ነው፤ ሁለቱንም በጊዜ ሰሌዳውና በበጀቱ ያሳዩ።

የመጨረሻው ከማድለቢያ ባለቤቶች ጋር የሚደረገው ስምምነት ነው። በረታቸው ውስጥ አፍተግር ተገኘ ከተባለ ኮርማዎቹ እንዳይታገዱባቸው ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም እውነተኛ ነው። ስለዚህ የበረቱ ስም በማን እጅ እንደሚቆይና በሚታተመው ጽሑፍ ላይ በኮድ ብቻ እንደሚጠቀስ በወረቀት ይፈራረሙ። በሽታው ግን ለመንግሥት ሪፖርት የሚደረግ ስለሆነ ይህንንም ከመፈረማቸው በፊት በግልጽ ይንገሯቸው። የተፈረሙት ደብዳቤዎች ከፕሮፖዛሉ ጋር ተያይዘው ሲቀርቡ ገምጋሚው ናሙናው በእርግጥ እንደሚገኝ ያምናል። ረቂቁን ሲጨርሱ እዚህ ይለጥፉት፤ የመስኩን ክፍል አንብቤ አስተያየቴን እጽፍልዎታለሁ።