ልብ የሚያንጠለጥለው የቱ ነው፣ የሚወጥረውስ?

ይድረስ ለእናንተ፣ በደብረ ማርቆስም በፍኖተ ሰላምም በእንጅባራም ሆናችሁ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ለምትታገሉ ልጆች። እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ነገሬ ስለ አንድ የቃላት ቤተሰብ ነው፤ ትንፋሽ የሚያሳጥረውን፣ «አሁን ደግሞ ምን ይመጣ ይሆን?» የሚያሰኘውን ሁኔታ ስለሚገልጹት ቃላት። ተማሪ እዚህ ቦታ ሲደርስ ሁሉንም በ«ቬሪ» ያልፈዋል፤ ቬሪ ዴንጀረስ፣ ቬሪ ስኬሪ፣ ቬሪ ቬሪ ባድ። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ግቢው በሙሉ «ቴንሽን ላይ ነኝ» ይላል። በእኛ መካከል ይሁን፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን «አይ አም ኢን ቴንሽን» ቢሉት ግር ይለዋል፤ እሱ «አይ አም ቴንስ» ወይም «ስትረስድ» ነው የሚለው።

መዝገበ ቃላት ገልጦ ትርጉም መገልበጥ ብዙም አያድንም። ቴንስም፣ አንክሸስም፣ ሰስፔንስም በአማርኛው በኩል «ጭንቀት» ተብለው ይቀራሉ። የጎጃም ልጅ ግን የተሻለው መንገድ ከደጁ አለለት። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ተማሪ ግሱን ሳያወርድ፣ የቃሉን ዘር ሳይለይ ወደፊት አይሄድም፤ ሰሙን ሳይይዝም ወርቁ አይፈታለትም። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ ያዙት፤ አስቀድማችሁ ቃሉ የተነሣበትን ሥዕል ፈልጉ።

ቴንስ ከላቲን የመጣ ነው፤ ዘሩ «ወጠረ» ማለት ነው። በችካል ተወጥሮ ፀሐይ ላይ የዋለ ቆዳ አስቡ፤ በጣት ሲመቱት ድም ይላል፣ ትንሽ ቢጨምሩበት ይቀደዳል። አማርኛውም «ውጥረት» ሲል ያንኑ ቆዳ ማየቱ ነው። ቆዳ በአንድ ወገን ብቻ ተጎትቶ ስለማይወጠር፣ ቴንስ ከማለታችሁ በፊት ሁለቱን ጎታቾች ፈልጉ፤ ሁለት ተደራዳሪ፣ ሁለት ቡድን፣ ወይም አንዱን ሰው ግራና ቀኝ የያዙት ተስፋና ፍርሃት። ሰዋስው ላይ «ፓስት ቴንስ» የምትሉት ግን ሌላ ቃል ነው፤ እሱ «ጊዜ» ከሚለው የላቲን ቃል የወረደ ነው፤ ድምፃቸው ገጠመ እንጂ ሥጋ ዘመድ አይደሉም።

ከዚሁ ከመወጠር ሥዕል ሁለት ጠንካራ አባባሎች አሉ። አንዱ «ኦን ቴንተርሁክስ» ነው። ቴንተር ማለት የታጠበ የሱፍ ጨርቅ እየደረቀ እንዳይኮማተር የሚወጠርበት የእንጨት ክፈፍ ነው፤ ሁክስ ጨርቁን ጠርዝ ጠርዙን የሚይዙት ቆልማማ ሚስማሮች ናቸው። የማትሪክ ውጤት «ዛሬ ይለቀቃል» ተብሎ እስከ ማታ ሳይለቀቅ ሲቀር የምትሆኑት እሱን ነው። ብዙ ሰው፣ ፈረንጁም ጭምር፣ ተሳስቶ «ቴንደር ሁክስ» ይላል፤ ቴንደር ለስላሳ ማለት ነው፣ ለስላሳ መንጠቆ ደግሞ ምንም አይወጥርም። ሁለተኛው «ነርቭ ራኪንግ» ነው፤ ራክ የሰውን እጅና እግር በሁለት በኩል እየሳበ የሚያሰቃይ የጥንት መሣሪያ ነበር። ስለዚህ የአምስት ደቂቃ ወረፋን ነርቭ ራኪንግ አትበሉት፤ ያለቦታው ከፍ ያለ ቃል ጽሑፍን ያሳፍራል።

ሰስፔንስ ሌላ ሥዕል ነው። የላቲን ዘሩ «ሰቀለ፣ አንጠለጠለ» ነው። አማርኛ «ልብ አንጠልጣይ» ማለቱን ልብ በሉ፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ሥዕል ላይ ደርሰዋል። ሰስፔንስ እንዲኖር መጨረሻው ያልታወቀ ነገር የግድ ነው። የተጣሉ ወንድማማቾች ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ድባቡ ቴንስ ነው፤ ሰስፔንስ ግን የለውም፤ ሁለቱም ዝም ብለው ተነሥተው እንደሚሄዱ ለቀስተኛው ሁሉ ያውቃል። አንደኛው እጁን ወደ ኪሱ ቢሰድና የሚያወጣው ነገር ባይታወቅ ግን ሰስፔንስ ያን ጊዜ ገባ። ደግሞም ቃሉ ስም ነው፤ «አይ አም ሰስፔንስ» አይባልም፣ «ኢን ሰስፔንስ» ነው። ቅጽል ሲሆን ሰስፔንስፉል ይሆናል፤ እሱም የሚነገረው ስለ ታሪኩ ወይም ስለ ፊልሙ እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም።

አንክሸስ ዘሩ ማነቅና ማጥበብ ነው። «ጠበበኝ»፣ «ደረቴን ያዘኝ» እንደምንለው። «አንክሸስ አባውት» ካላችሁ ሐሳብ ገብቷችኋል፤ «አንክሸስ ቱ» ካላችሁ ደግሞ ነገሩን ለማድረግ ቸኩላችኋል። በአንዲት ትንሽ መስተዋድድ የሰውየው ስሜት ይገለበጣልና ቃሉን ብቻውን አታጥኑት።

ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚቀርበው ፕሪኬሪየስ ይመስለኛል። በላቲን «በልመና የተገኘ» ማለት ነበር። የቆሎ ተማሪን እራት አስቡ፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሰጪ ካገኘ አኩፋዳው ይሞላል፣ ውሻ ካባረረው ጦሙን ያድራል። በሌላው ፈቃድ ላይ የቆመ፣ ነገ ሊነጠቅ የሚችል ማለት ነው፤ ውሉ ያልጸና ሥራ፣ እግሩ ያልተረገጠ መሰላል። ስለ ሁኔታ እንጂ ስለ ስሜት አይነገርም፤ «አይ ፊል ፕሪኬሪየስ» የሚል ደብተር ላይ ቀይ መስመር ይሰመራል።

ኔክ ኤንድ ኔክ ለማንም ጎጃሜ ማብራሪያ አያሻውም፤ ጥር 23 በአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ሁለት ፈረሶች አንገት ለአንገት ገጥመው ሲመጡ ያየ ገብቶታል። አባባሉም ከፈረስ እሽቅድምድም የወጣ ነው፤ ዛሬ ለምርጫም ለእግር ኳስም ይሆናል። «ቤትድ ብሬዝ» ትንፋሽን መቀነስ፣ ዋጥ ማድረግ ነው፤ ሲጻፍ ከኤ ቀጥሎ አይ የምትባለውን ፊደል ካስገባችሁበት የጣና ዓሣ አጥማጅ መንጠቆው ላይ የሚሰካው ማጥመጃ ይሆናል።

ስሙን ይዛችሁ ግሱን ካላወቃችሁ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ አይራመድም። ቴንሽን ሲጨምር «ማውንትስ» ይባላል፣ ሲረግብ «ኢዝስ»። ሳይታይ ውስጥ ውስጡን ሲብላላ «ሲመርስ» ነው፤ ሲመር ሽሮ በዝግታ ሲንተከተክ ማለት ነውና። እሳቱ በዝቶ ሲገነፍል «ቦይልስ ኦቨር»። ሽማግሌ ገብቶ ነገሩን ሲያበርደው «ዲፊዩዝ» አደረገው ይባላል፤ የቦንቡን ማቀጣጠያ ነቀለለት እንደማለት። በድምፅ የሚመስለው፣ በሁለት ኤፍ የሚጻፈው ግን መበተን፣ ማሠራጨት ነው። በእሱ ከጻፋችሁ ሽማግሌው ጠቡን በሰፈሩ በተነው ማለት ነው።

በሳምንት አምስት ቃል ይበቃል፣ ሃምሳ አይረጋም። ለአንዱ ቃል ግማሽ ገጽ ስጡት፤ ሥዕሉን በአማርኛ፣ አብረውት የሚሄዱ ሦስት ቃላት፣ ከሰፈራችሁ የተወሰደ አንድ ዓረፍተ ነገር።

አሁን መልመጃ። እስካሁን የቆጠርናቸው ቃላት ለዜና፣ ለዘገባ፣ ስለ ፊልም ለሚሰጥ አስተያየት ነው የሚሆኑት። ታሪክ ስትጽፉ ግን «ኢት ዎዝ ሰስፔንስፉል» ብትሉ ማንም ልቡ አይንጠለጠልም። አንድ አውቶቡስ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል እንበል። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከመውረድ ይልቅ እግሩን ፍሬን ላይ ጥሏል፤ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ የመያዝ ኃይሉም እየደከመ ይሄዳል። ብዙ ተማሪ የሚጽፈው «ሰድንሊ ፍሬኑ እምቢ አለ» ብሎ ነው። ያ ድንጋጤ ነው፤ በአንድ መስመር ያልቃል። እናንተ ሽታውን ከመጀመሪያው ኩርባ አስገቡት። ረዳቱ ያሽትት፣ ሾፌሩን ይየው፣ ምንም አይበል። ተሳፋሪው ምንም ሳያውቅ ይሳቅ፤ አንዲት እናት ለልጇ ሙዝ ትላጥ። አንባቢው ያውቃል፣ ተሳፋሪው አያውቅም፤ ልብ የሚንጠለጠለው እዚያ መካከል ነው። ኩርባው በጠበበ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩ፤ አሥራ አምስት ቃል፣ ስምንት፣ ሦስት። «ሰድንሊ»ን ከነጭራሹ ሰርዙ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑ ይያዝ፣ ሦስተኛውም ላይ ይያዝ፣ አራተኛው ላይ ዘግይቶ ይያዝ።

አውቶቡሱን ድልድዩ ሳይደርስ እዚያው ላይ ትታችሁ ምዕራፉን ዝጉት። ገደል ላይ እንደተንጠለጠለ ሰው ነውና ክሊፍሃንገር የሚባለው እሱ ነው።