መጨነቄ እምነት የለኝም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከሥራ ከተቀነስኩ ስድስት ወር ሆነኝ። በዚህ ላይ ትንሹ ልጄ ታመመብኝ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልቤ እየመታ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። እጸልያለሁ፣ ጭንቀቱ ግን አይለቀኝም። አንዲት እህት «አማኝ አይጨነቅም፣ መጨነቅሽ አለማመን ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስለ መጨነቄ እጨነቃለሁ። እውነት እግዚአብሔርን አልታመንኩትም ማለት ነው? ሐኪም ዘንድ ብሄድስ ያዝንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልቡ እየመታ የነቃ ሰውና እግዚአብሔርን የካደ ሰው አንድ አይደሉም። ያቺ እህት ክፉ አስባ አይመስለኝም። ግን ቁስልሽ ላይ እንጨት ሰደደችበት።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፊልጵስዩስ 4፥6 ነው። ሙሉውን እናንብበው፦ «በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ።» አየሽ፣ በአማርኛው «አትጨነቁ» የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት «አስታውቁ እንጂ» የሚል አለ። እኛ ጅራቱን ይዘን ራሱን እንተወዋለን። ጳውሎስ «ምንም አይሰማችሁ» ብሎ አልሄደም። ጭንቀታችሁን የምታደርሱበት ቦታ አለ፣ እዚያ አድርሱት ነው ያለው።

ይህን የጻፈው ደግሞ ታስሮ ነው። ይኸው ሰው በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥28 ላይ የአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አሳብ ዕለት ዕለት እንደሚከብድበት ይናገራል። በግሪኩ ይህ «አሳብ» የተባለው ቃልና «አትጨነቁ» ያለበት ቃል ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 7 ላይ መቄዶንያ ሲደርስ በውስጡ ፍርሃት እንደነበረ አልደበቀም። ታዲያ ጳውሎስ እምነት አልነበረውም እንበል?

ከእሱም በላይ ጌታችን በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርድ ነበር። ሦስት ጊዜም ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ። አንቺም ያንኑ ልመና ለመቶኛ ጊዜ ብትደግሚው አትፈሪ። መደጋገምሽ አለማመን አይደለም። የምታንኳኪው በር የማን እንደሆነ ስለምታውቂ ነው የምትመለሺው።

መታመን ማለት ፍርሃት አለመሰማት አይደለም። ፍርሃቱ ሲመጣ ይዘሽው ወደ ማን እንደምትሄጂ ነው። ዳዊት በመዝሙር 56 ላይ ሲፈራ በእግዚአብሔር እንደሚታመን ይናገራል። ፍርሃቱና መታመኑ ያሉት አንድ ልብ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንምጣ። ጭንቀት በዚያ ሰዓት በጅምላ ነው የሚመጣው። ኪራዩ፣ የልጁ ትኩሳት፣ መልስ ያልሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም ተደራርቦ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ይሆናል። «ልመናችሁን አስታውቁ» የሚለው እዚህ ላይ ይረዳል። አንድ በአንድ በስሙ ጥሪው። እኔ አባቴ ታሞ በነበረ ጊዜ ደብተር አጠገቤ አስቀምጥ ነበር። በጨለማ እየተንሻፈፈ ጻፍኩት፦ «ነገ የምርመራው ውጤት። የመድኃኒቱ ገንዘብ። የእናቴ ድካም።» ከዚያ እያንዳንዱን ድምፅ አውጥቼ ለእግዚአብሔር ነገርኩት። አንዳንድ ሌሊት ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነበር የምጨርሰው። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ «አቤቱ ማረኝ» ከማለት አላለፍኩም። እሱም ጸሎት ነው። ምስጋናውንም አትርሺው፤ ትንሽ ይሁን። ልጅሽ ዛሬ ሁለት ጉርሻ በልቶ ከሆነ ስለ ሁለቱ አመስግኚ።

ሥራው በዚህ ወር ይገኛል ልልሽ አልችልም። ቃሉም እንደዚያ አላለም። በፊልጵስዩስ ከዚያ ጥቅስ ቀጥሎ ያለው ተስፋ፣ አእምሮን ሁሉ የሚያልፍ የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁንና አሳባችሁን «ይጠብቃል» የሚል ነው። በግሪኩ ወታደር በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የሚባልበት ቃል ነው። ችግሩ ውጭ እያለም ጠባቂው በር ላይ አለ። ለነገው ደግሞ ጌታ «ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» ብሏል። እስራኤል መናውን ለነገ ሲያሳድሩት ተላ፤ የየዕለቱ ግን በየዕለቱ ወረደ። ለዛሬ የሚሆን ብርታት ለምኚ። የመጪውን ዓመት ዛሬ ልትሸከሚው አትችዪም፣ አልተጠየቅሽምም።

ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እግዚአብሔር አያዝንብሽም። ኤልያስን አስቢው (1ኛ ነገሥት 19)። ልትገድለው ከዛተችው ከንግሥት ኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» አለ፤ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። አስተኛው። መልአኩ ቀሰቀሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰው፣ እንደገና አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ሲደርስ ነው። የሥጋችንን ድካም የፈጠረን ያውቀዋል። ከጳውሎስ ጋር የነበረው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። ደግሞም ልብ የሚያስመታ የደም ማነስ አለ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግርም አለ። ሳትታዪ «መንፈሳዊ ነው» ብለሽ አትደምድሚ። ሐኪሙ ጭንቀት ነው ካለሽም እሱም የሚታከም ነው። መኖር የሚያስጠላሽ ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀን አታሳድሪ፤ ለሚቀርብሽ ሰው ተናገሪና ወዲያው ሕክምና ሂጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጳውሎስ በመቄዶንያ በዚያ ፍርሃት ውስጥ እያለ እግዚአብሔር ያጽናናው በአገልግሎት ባልንጀራው በቲቶ መምጣት ነው። ሰው ልኮ ነው ያጽናናው። አንቺም ብቻሽን አትሸከሚው። ለንስሐ አባትሽ ወይም ቃል ሳትመዝዝ ለምታዳምጥሽ አንዲት ሰው ንገሪ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ አትለፊያት፤ ሌሊቱን እንዳለ ንገሪያት።

የልጅሽንም ስም ላኪልኝ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ በጸሎቴ አስበዋለሁ።