በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ኳስ

ጥያቄ፦ የአውስትራሊያ እግር ኳስ በቴሌቪዥን አይቼ ግራ ገባኝ። በእጅም በእግርም ነው! ድሮም እንዲህ ነበር?

መልስ፦ እንደ ዛሬው እንኳ አልነበረም! እ.ኤ.አ. በ1859 የክሪኬት ተጫዋቹ ቶም ዊልስና ጓደኞቹ የአውስትራሊያ ከተማ በሆነችው ሜልበርን ላይ ተሰብስበው የጻፉት ሕግ 10 አንቀጽ ብቻ ነበረው። ኳሷን ከመሬት በእጅ ማንሳት ክልክል ነበር፤ በእጅ የምትያዘው ተመትታ ከአየር ላይ ስትቀለብ ወይም ነጥራ ስትመጣ ብቻ ነው። ዛሬ ከመሬት አንስተህ መሮጥ ትችላለህ፣ ብቻ በየ15 ሜትሩ ማንጠር ወይም መሬት ማስነካት እንዳትረሳ። የሚገርመው ደግሞ ያኔ የሚሮጥን ተጫዋች ጠልፎ መጣል ይፈቀድ ነበር፤ ቅልጥም መምታት ግን አይቻልም (ደግነታቸው!)። ዛሬ ብትጠልፍ ቅጣት ምት ይሰጥብሃል። ነጥቡም ተቀይሯል። ያኔ የሚቆጠረው ግብ ብቻ ነበር፣ አሁን ከአራቱ ቋሚዎች በመሐለኞቹ ሁለቱ መካከል በእግር የገባ 6 ነጥብ፣ በመሐለኛውና በጎኑ ቋሚ መካከል ያለፈ 1።

ያልተቀየረው ምን መሰለህ? ኳስ መወርወር ያኔም ክልክል፣ አሁንም ክልክል። ለጓደኛህ በእጅ ማቀበል ከፈለግህ በአንድ እጅህ ይዘህ በሌላው በቡጢ ነው የምትመታት። ከአየር ላይ የቀለበ ተጫዋችም ያለ ከልካይ የመምታት መብቱ እንዳለ ነው፣ አሁን ግን ኳሷ ከተመታች በኋላ ሳትቀለብ ቢያንስ 15 ሜትር መጓዝ አለባት።