ያልጠየቃችሁት ዘፈን

ውድ ወጣቶች፣

ሠላሳ ዓመት ያህል በሬዲዮ የሙዚቃ ዝግጅት ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። «ሙዚቃ ወዳድ ሰው ዛሬም ሬዲዮ ይሰማል?» ስትሉኝ፣ ሽማግሌው ለሙያው ጥብቅና ይቆማል ብላችሁ ሳትገምቱ አትቀሩም። አልቆምም። አንድን አልበም በወጉ ማዳመጥ ስፈልግ እኔም ሬዲዮ አልከፍትም።

ጓዳውን ስለማውቀው ነው። በኤፍ ኤም ስቴሪዮ ስርጭት ከ15 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለው በጣም ቀጭን ድምፅ ይቆረጣል፤ 19 ኪሎ ኸርዝ ላይ የተቀመጠው፣ ስርጭቱ ስቴሪዮ መሆኑን ለሬዲዮናችሁ የሚነግረው ምልክት እንዳይረበሽ ነው። ይህ ብዙም አይጎዳም፤ የእኔ ዕድሜ ጆሮማ ጨርሶ አያውቀውም። ጥፋቱ ያለው ኮምፕረሰር በሚባለው መሣሪያ ላይ ነው። ጣቢያው ከሌሎቹ ጎልቶ እንዲሰማ ሲባል ዝቅ ያለው ድምፅ ይነሣል፣ ከፍ ያለው ይጨፈለቃል። ዘፋኟ በሹክሹክታ ጀምራ በጩኸት የጨረሰችው ዘፈን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ልክ ይወጣል። መኪና ውስጥ ላለ ሰው ምቹ ነው፣ ለሙዚቃው ግን በደል ነው። ያንኑ ዘፈን ጠዋትም ማታም የሚደጋግሙትን ጣቢያዎች አላነሣቸውም፤ ታውቋቸዋላችሁ።

ግን አሁንም እሰማለሁ። ስልካችሁ ላይ ያለው መተግበሪያ በአብዛኛው የሚያቀርብላችሁ ትናንት የወደዳችሁትን የሚመስል ነው። እኔ የምፈልገው የእኔን ጣዕም የማያውቅ፣ ቢያውቅም የማይጨነቅለት ሰው ነው። ጆን ፒል እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 2004 በቢቢሲ ሬዲዮ 1 እንዲህ ያለ አቅራቢ ነበር። በ1978 ገና ብዙ ያልታወቀ የአንድ ቡድን ዘፈን ልቡን ስለነካው፣ አጫውቶ ሲጨርስ እዚያው በዚያው ደገመው። አድማጩ ከዘፈኑ ጋር አብሮ የሰማው የሰውየውን መደነቅ ነው።

እኔ እንዲህ ጎበዝ አልነበርኩም። አንድ ምሽት ዜና ሊገባ ሲል ረጅም የመሣሪያ ሙዚቃ ማብቂያው ላይ ገብቼ ማውራት ጀመርኩ። አንድ አድማጭ ስልክ ደውለው፣ «ልጄ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ የጠበቅሁት እኮ መጨረሻውን ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ከዜናው ሰዓት ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነበር ሙዚቃ የማስገባው። የማይበቃውን ለሌላ ቀን አሳድረው ነበር።

ስለዚህ ጣቢያ አትምረጡ፤ አቅራቢ ምረጡ። ብዙውን ጊዜ የምታገኙት አምሽቶ ነው፣ ማስታወቂያ ሲሳሳና አለቆች ሲተኙ። ከአየር ይምጣ ከኢንተርኔት አትጨነቁ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም አውጥታ ወደ ዲጂታል ስታዛውር «ሬዲዮ ሞተ» ያሉ ነበሩ፤ የተቀየረው ግን መንገዱ ነው እንጂ ከማይክሮፎኑ ጀርባ ያለው ሰው አይደለም። የዘፈኑን ስም ለመፈለግም አትቸኩሉ፤ ደህና አቅራቢ ራሱ ይነግራችኋል። የማይነግራችሁን ቀይሩት።

የማትወዱት ሲመጣ ግን ሁለት ደቂቃ ታገሡ። ዛሬ ከሁሉም አስበልጬ የምወደውን የክላሪኔት ሙዚቃ ሁለት ጊዜ ዘግቼበታለሁ። ሦስተኛው ቀን ሰሃን እያጠብኩ ስለነበር እጄ እርጥብ ነበር፤ ልዘጋው አልቻልኩም።